ባለ አምፖሉ ሰሌዳ

ባሏ ከቲያትር ቤቱ ባለ አምፖል ሰሌዳ ላይ ወድቆ ከሞተ ሠላሳ አንድ ዓመት ሆነው። አሁን ሰሌዳው እየታደሰ ነው፤ የሚያድሰውም «ባሏን እኔ ገደልኩ» ያለው ሰው ነው።

እሷም ጠዋት ጠዋት በርጩማዋን ይዛ ከቲያትር ቤቱ በር ፊት ለፊት ትሰየማለች። ምላስ መሬት ቢያርስ ኖሮ እሷ አገር ባጠገበች ነበር።

«አንተ አብሪው! እጅህ አሁንም አልሰለለም? ቀዩን ቀለም አጥቁረኸዋል፣ እንደ ልብህ!»

«ደህና አደሩ፣ እትዬ» ይላል ከመሰላሉ ላይ። ከስቶ መሰላሉን መስሏል፤ የትኛው በየትኛው ላይ እንደወጣ አይለይም።

«አብሪው» ብሎ ስም ያወጣለት ከተማው ነው። እሱና ሟቹ የቲያትር ቤቱ ኤሌክትሪክ ሠራተኞች ነበሩ። አንዱ አምፖል ሊቀይር ሲወጣ ሌላው ከቲኬት መስኮቱ ሥር ካለው ማብሪያ ዘንድ ንቅንቅ አይልም። የላይኛው «ልነካ ነው!» ይላል፤ የታችኛው «ጠፍቷል!» ብሎ ይመልሳል። ያን ቀን ግን «ጠፍቷል» ከተባለ በኋላ ሰሌዳው ቦግ አለ።

«በስህተት ያበራሁት እኔ ነኝ» አለ ፍርድ ቤት። እንዴት ቢሉት፣ ለምን ቢሉት፣ ያችኑ ደገማት። ስድስት ዓመት ታሰረ። ሲፈታ ልጁን የሚድርለት ቀርቶ ሰላምታ የሚሰጠው ጠፋ፤ ብቻውን ሸበተ።

እሷ ቲኬት ቆራጭ ነበረች። ያኔ አራት ዓመቱ የነበረውን አንድ ልጇን ከጎኗ እያስቀመጠች፣ ቲኬት እየቆረጠች አሳደገችው። መሐንዲስ ወጣው። እድሳቱን የሚመራው እሱ ነው፤ የአሮጌውን ሰሌዳ ሽቦ ከአብሪው በቀር የሚያውቅ ቢጠፋ ጊዜ አስጠራው።

የምርቃቱ ዕለት ልጁ አጠገቧ ቁጢጥ አለ።

«እማዬ፣ ሰውየው ሳምባው አልቋል። ትናንት ደም ሲተፋ አየሁት። ይቅር በይው።»

«አፈር ሲጫነው ይቅር እለዋለሁ።»

«እሺ፣ እኔስ ልጠይቀው? ያን ቀን የሆነውን አንድም ቀን በወጉ አልነገራችሁኝም። አንዳንዴ ሕልም ይሁን እውን እንጃ፣ የአባዬ ድምፅ ይሰማኛል፤ ከዚያ ብርሃን...»

«የአራት ዓመት ሕፃን ምን ያስታውሳል!» ብላ ጮኸች፤ አላፊ አግዳሚው ዞረ። «ያየሁት እኔ ነኝ! ይሄ እርጉም ሲያበራው በዓይኔ በብረቱ አይቻለሁ! ልጄ ነህ ወይስ የሱ ጠበቃ?»

አብሪው እያሳለ ከመሰላሉ ወረደ።

«እውነቷን ነው፣ ጌታዬ» አለ። «እኔ ነኝ።»

ልጁ አንገቱን ደፋ። «ማብሪያውን አንቺ ብትጫኚው ደስ ይለኝ ነበር፣ እማዬ» አላት።

«እጄ ይቆረጥ!»

«እንግዲያው እኔው እጫነዋለሁ።»

አብሪው የያዘው ጉጠት ከእጁ አምልጦ ወደቀ። እሷ ከበርጩማዋ ብድግ አለች።

ልጁ ተጫነው። ሰሌዳው ከዳር እስከ ዳር ቦግ አለ፤ ሕዝቡ አጨበጨበ። ሁሉም ቀና ብሎ አምፖሎቹን ሲያይ፣ ሁለቱ አዛውንቶች ብቻ የልጁን እጅ ያዩ ነበር።

«አቤት ሲያምር!» አለ ልጁ እየሳቀ፤ እንግዶቹን አስከትሎ ገባ። በሩ ላይ ማንም አልቀረም።

እሷ ግራ ቀኙን አየች። ከዚያ ያ ሁሉ ኩራቷ የት እንደገባ እንጃ፣ አስፋልቱ ላይ ተንበርክካ የአብሪውን ጉልበት ሳመች።

«ወንድሜ፣ አባቱን የገደለችው የራሱ እጅ መሆኗን ዛሬም አላወቀም» አለችው፤ «ነገም መጥቼ እሰድብሃለሁ።»