የእህቴ አውራ ጣት

መድኃኒት ሁሉ በተፈቀደለት ሰው አውራ ጣት ብቻ መከፈት ከጀመረ ወዲህ፣ የሆርሞን ቅባት ለእኔ እምቢ ብሏል። የጡት ካንሰር ታምሜ ከዳንኩ አምስት ዓመቴ ነው፤ ሆርሞኑ ካንሰሩን እንዳይቀሰቅስ ተብሎ ያለ ሐኪም ፈቃድ አይከፈትልኝም። ክዳኑን ስነካው ቀይ መብራት ያበራና ዝም ይላል። ከሕክምናው ወዲህ ካለብኝ የብልት ድርቀት ሕመም የተነሳ ከባለቤቴ ጋር አልጋ ለይተናል።

ታናሽ እህቴ ስምረት ግን ሐዋሳ ልትጠይቀኝ ስትመጣ ያንኑ ቅባት መታጠቢያ ቤታችን ውስጥ ታስቀምጠዋለች። ጠዋት ጠዋት ክዳኑ ጠቅ ሲልላት እሰማለሁ። ከዚያ ስታንጎራጉር ደግሞ ይብስብኛል።

አንድ እሑድ ከምሳ በኋላ ሶፋው ላይ እንቅልፍ ወሰዳት። ቅባቱን አመጣሁና እጇን ቀስ ብዬ አንስቼ አውራ ጣቷን ክዳኑ ላይ ጫንኩት። ተከፈተ። ቀና ስል ዓይን ለዓይን ተጋጠምን።

"እትዬ፣ ሐኪምሽ ፈቅዳልሻለች?"

"አልጠየቅኳትም። እንዲህ ያለ ነገር በምን አፌ ልንገራት?" እጇን ለቀቅኩት። "ቀንቼብሽ ነው፣ ስምረት። በጤናሽ ቀናሁ።"

ተነስታ ተቀመጠች። "እኔም ቀንቼብሻለሁ" አለች። "አንቺ ታመሽ የተኛሽ ጊዜ እማዬ የምትጠራው ያንቺን ስም ብቻ ነበር። ምነው እኔ በታመምኩ ያልኩበት ቀን አለ።"

ክዳኑን ገጥሜ ቅባቱን መዳፏ ላይ አስቀመጥኩት።

"ነገ ሐኪምሽ ጋ አብረን እንገባለን። ካፈርሽ እኔ እነግርልሻለሁ" አለች።

"አይሆንም" አልኳት። "አንቺ ውጭ ጠብቂኝ። ይሄንንስ በራሴ አፍ ልናገረው።"