ሁለተኛው ዓይን

ከካርቱም የተሰደደው ሠዓሊ ጦርነት የበላውን ወንድሙን አላፊ አግዳሚው እንዲያይለት፣ በጣና ዳር ግንብ ላይ ፊቱን ከጎን በኩል ስሎ ሊጨርስ ተቃርቦ ነበር። ከዘጌ ጀልባ የወረዱ እናት ሥዕሉን ሲያዩ አማተቡ።

«ምን በድሎህ ነው በአንድ ዓይን የሳልኸው?» አሉት። «በእኛ ቤተ ክርስቲያን በአንድ ዓይን የሚሳለው ዲያብሎስ ነው። ጻድቅ ሁለት ዓይን አለው።»

«ወንድሜ ነው፣ እማማ። ማንንም አልበደለም።»

«እንግዲያው ሁለተኛውን ዓይኑን ስጠው እንጂ!»

ብሩሹን ቀለም ውስጥ ነክሮ አነሣ፤ እጁ ግን ግንቡ ጋ ሳይደርስ ቆመ። ወንድሙ በዚያኛው ዓይኑ አጠገብ ጠባሳ ነበረው። ከዓይኑ በላይ ይሁን በታች ግን ሠዓሊው ጠፋበት። የቀረችለትን አንዲት የወንድሙን ፎቶ ከኪሱ አወጣ። እሷም ከጎን የተነሣች ነበረች።

ጨነቀውና፣ ሁለተኛው ዓይን በዚያ በኩል ያለ ይመስል፣ ፎቶዋን ገልብጦ ጀርባዋን አየ።