የሚያስታውሰውን ሁሉ

ያን ዕለት ጠዋት እንደ ወትሮዋ ፉል ሠራች። ባሏ ሁለት ዳቦ ጨርሶ ሦስተኛውን ሲያነሳ አየችው። ጫት ካቆመ ወዲህ የምግብ ፍላጎቱ ተመልሷል።

ማቆሙ አድካሚ ነበር። ሲያቆም የረዳችው ሐኪም ሁለቱንም አስቀምጣ ነው ያስረዳቻቸው። «አእምሮ ጫቱን ብቻ ለይቶ አይዝም፤ አብሮት ያየውን ሁሉ ይይዛል። ያንን ባየ ቁጥር ጫቱ የደረሰ ይመስለውና አምሮቱ ይነሳል። ስለዚህ የሚያስታውሰውን ሁሉ አርቁለት።»

አራቀች። ተቀምጦ የሚቅምበትን ፍራሽ ለሰው ሰጠች፤ ፔርሙዙን ጣለች፤ ጓደኞቹን ከበር መለሰች።

«ቀጥሎ ግድግዳውን ልታፈርሺ ነው?» አላት አንድ ቀን እየሳቀ።

«ካስፈለገ አዎ።»

ፉል በሠራችበት ዕለት ግን ከቁርስ በኋላ ልብሱን በቦርሳ ይዞ ከመኝታ ቤት ወጣ።

«እህቴ ጋ ልኑር» አላት።

«አሁንም ያምርሃል?»

«ከሰዓት ከሰዓት።»

«ምን ስታይ? ንገረኝና ላርቀው።»

ቦርሳውን መሬት አስቀመጠ።

«ውጭ እንዳልቅም ብለሽ ያን ሁሉ ዓመት እቤት አዘጋጀሽልኝ። ጫቱን አጥበሽ፣ ውሃና ኦቾሎኒ ይዘሽ በዚያ በር ትገቢ ነበር። አሁን ባዶ እጅሽን ስትገቢም አፌ ምራቅ ይሞላል።»

ሲወጣ ፊቷን እንዳያይ ጀርባዋን ሰጥታ ቆመች።

እህቱ አልፎ አልፎ ትደውላለች። ጠግቦ ይበላል፣ ሥራውን ይሠራል፣ አንድም ቀን አልቃመም ትላለች። እዚህ ቤት ግን የለም።