የእማማ ይርገዱ ደም

የሚነዳው ባጃጅ ተገልብጦ ብዙ ደም ከፈሰሰው ወዲህ፣ ሰውየው አማቱን እማማ ይርገዱን እምቢ ብሎ አያውቅም። ጣራቸው ባፈሰሰ ቁጥር ይጠሩታል። ካመነታ፣ «በደም ሥርህ የሚሮጠው የማን ደም ሆነና ነው?» ይሉታል። መሰላሉን ተሸክሞ ይወጣል።

በዓመቱ ለምርመራ ሲሄድ ያን ጊዜ ያከመችውን ሐኪም፣ «የሰው ደም ሰውነቴ ውስጥ እስከ መቼ ይቆያል?» ብሎ ጠየቃት።

ካርዱን አገላበጠች። «አንተ ደም አልተሰጠህም። ደም እስኪመጣ ብለን ሰው ሠራሽ ምትክ ፈሳሽ ሰጠንህ፤ ከዚያ ደሙ አላስፈለገህም። ፈሳሹም በአንድ በሁለት ቀን በሽንት ወጥቷል።»

ሳቁ መጣ። ዓመት ሙሉ በሽንት ለወጣ ነገር ጣራ ላይ ከርሟል። ዛሬ ልክ ልካቸውን ይነግራቸዋል።

«አማቴ ግን እኔ ነኝ የሰጠሁት ይላሉ።»

«እሳቸውንማ እንዴት እረሳለሁ? ዕድሜዎ አይፈቅድም ብንላቸው፣ ‹ከእኔ ቅዱ› እያሉ ክንዳቸውን ገልጠው ሦስት ቀን ተመላለሱ።»

ቤት ሲደርስ እማማ ይርገዱ በር ላይ ቆመው ነበር።

«ቆየህ። ደሜን ምን አሉት?»

«ገና አልወጣም አሉ፣ እማማ» አለና መሰላሉን አነሳ።