የግሌንዳ ወንበር

ኢኒድ ዛሬ ቀድማ መጥታ ከሲሪል በስተግራ፣ የግሌንዳ ወንበር ላይ ተቀመጠች። ዕድሉ ያለው ወንበሩ ላይ ከሆነ አንድ ረቡዕ እንኳ ለእኔ ይድረሰኝ ብላ ነው።

በዚህ የዮርክሻየር መንደር አዳራሽ የካርታ ጨዋታ ጥንድ የሚለየው በዕጣ ነው። አራቱም ተጫዋቾች አንዳንድ ካርታ ይመዛሉ፤ ትልልቁን ያገኙት ሁለቱ ይጣመራሉ። ግሌንዳ ወደ መንደሩ ከመጣች ወዲህ፣ ስድስት ረቡዕ ሙሉ ዕጣው ከሲሪል ጋር አጣምሯታል። ዛሬ ትልልቁን የሚያገኙት ሁለቱ ደግሞ ለውድድር ስካርብራ ወደምትባል የባሕር ዳርቻ ከተማ ሄደው ሁለት ቀን ያሳልፋሉ።

ሚስቱ ከሞተች ጀምሮ ሰባት ዓመት ለሲሪል ሾርባ ያመላለሰችው ኢኒድ ናት። ይቺ ባለ ቀይ ካፖርት የትናንት መጤ ግን ማንኪያ እንኳ አላቀበለችውም።

"ወንበሬን ወረስሽው?" አለች ግሌንዳ፣ ሲሪል ፊት ለፊት ያለው የኢኒድ ቦታ ላይ እየተቀመጠች።

"የመስኮቱን ነፋስ ሽሽት ነው።"

"ዕድል መቀመጫ ላይ አይጣበቅም፣ ኢኒድ" አለ አራተኛው ተጫዋች፣ ሽማግሌው ቴድ። "የሚጣበቀው ማስቲካ ነው።"

ሲሪል ካርታውን በውዞ እንደ ማራገቢያ ዘረጋ። "አዲስ ሰው ይቅደም" ብሎ እንደ ልማዱ መጀመሪያ ለግሌንዳ አቀረበላት። ካርታ የያዘ ሰው የያዛቸውን እንዳያይ ጣሪያ ጣሪያውን ማየት አለበት፤ ደንቡ ነው። ሲሪልም አንጋጠጠ። ከዚህ ወንበር ግን እጁ በጎን በኩል ይታያል። ኢኒድ የሲሪል ዓይን አንድ አፍታ ወደ ካርታዎቹ ዝቅ ሲል፣ አውራ ጣቱም አንዷን ካርታ ጥፍር ታህል ወደ ላይ ሲገፋ፣ ሌላዋን ደግሞ ለራሱ መዳፉ ሥር ሲያስቀር አየች።

ግሌንዳ በቴድ ቀልድ እየሳቀች፣ እጇ ላይ የመጣላትን ያቺኑ መዘዘች። ከትልልቆቹ ካርታዎች አንዱ፣ ንጉሡ ወጣ።

"ኧረ አሁንስ አፈርኩ" አለች። "እውነቴን ነው ኢኒድ፣ ከፈለግሽ እንቀያየር።"

ምንም አታውቅም። ኢኒድ ስድስት ሳምንት ስትረግማት የከረመችው ሴት ምንም አታውቅም። በሬ ከአራጁ ይውላል እንደሚባለው፣ ሾርባዋን ለማን ስታመላልስ እንደኖረች ገና አሁን ገባት።

ሲሪል ካርታዎቹን ወደ እሷ አዞረ። ከዳር እስከ ዳር አየቻቸው። ሁሉም እኩል ተደርድረዋል፤ ለእሷ ብላ ብቅ ያለች አንዲትም የለችም።

"ማንኛዋንም ውሰጂ" አላት ሲሪል፣ ጣሪያውን እያየ።