ሁለት ቀዳዳ ያለው ቆብ

ለሰፈሩ ነዋሪ ሁሉ ይታወቅ፤ ሃያ ዓመት ባንክ የጠበቀው አቶ አንዳርጌ የመኝታ ቤቱን በር ከውስጥ መቆለፍ ጀምሯል።

ሚስቱ መጀመሪያ ሳቀች። በሦስተኛው ቀን ግን ፍራሹን ስታነሣ ከሥሩ በጥቁር ክር የተሠራ፣ ራስ የሚያህል የሹራብ ቆብ አገኘች። ሁለት ቀዳዳ አለው፤ አንዱ ጠባብ፣ አንዱ ሰፊ። በዚያው ሳምንት ፊታቸውን የሸፈኑ ሰዎች ከመንገዱ ማዶ ያለውን ሱቅ ዘርፈው ነበር። ባሏ የሚጠብቀው ባንክ ትዝ አላት። እያለቀሰች ለፖሊስ ደወለች።

ሁለት ፖሊሶች መጡ። አንደኛው ቆቡን አንሥቶ አንዳርጌን ጠየቀው።

"ይኼ ያንተ ነው?"

"የኔ ነው።"

"ቀዳዳዎቹስ ለምንድን ናቸው?"

አንዳርጌ ጢሙን አሻሸ።

"ኧረ በእመብርሃን ተናገር! ሊወስዱህ ነው እኮ!" አለች ሚስቱ። እሷን ፈርታ ማየት አልቻለምና ዓይኑን ጠረጴዛው ላይ ወዳለው የሻይ በራድ አዞረ። እሷም ተከትላ አየች። ክረምቱን ሙሉ "ሻዬ ሳልጠጣው ይቀዘቅዛል" እያለች የተነጫነጨችበት በራድ ነው።

ቆቡን ከፖሊሱ እጅ ቀስ ብላ ወሰደችና በራዱን አለበሰችው። በጠባቡ ቀዳዳ መቅጃው፣ በሰፊው እጀታው ወጣ። ልክክ አለ።

ወጣቱ ፖሊስ ሳቁን ዋጥ አድርጎ፣ "ጋሼ፣ በሞቴ፣ ማን ነው የሠራው?" አለ።

አንዳርጌ ከዩኒፎርሙ እጅጌ የተንጠለጠለውን ጥቁር ክር ወደ ውስጥ ከተተ። ከዚያ ሁለት እጁን ለካቴና ዘረጋ።

"እንሂድ። የምናገረው የለኝም።"