ማንም ያልረገጠው ድልድይ

ከደባርቅ ወደ ጃናሞራ በሚያወርደው መንገድ ዳር መኪናዋ ቆመች። ኢንጅነር ዘከሪያ ቀድሞ ወረደ። ከክልል የመጡት ሁለት እንግዶች ተከተሉት። ስለ ድልድዩ የሰሙትን በዓይናቸው ሊያዩ ነበር የመጡት።

ድልድዩ ትንሽ ነው፤ የእግረኛ። ግን ዘከሪያ ያለውን እውቀት ሁሉ ያፈሰሰበት ነው። ከዱቄት የላመ፣ ናኖ ሲሊካ የሚሉት ብናኝ የሲሚንቶውን ጥቃቅን ቀዳዳ ይደፍናል። እንደ ጠጉር የቀጠነ የፕላስቲክ ክር ደግሞ ስንጥቅ እንዳይሰፋ አንቆ ይይዛል። ድብልቁ መጀመሪያ ለአካፋ አልመች ብሎ ነበር፤ ማቅጠኛው እስኪገኝለት ድረስ ስንቴ ተደፍቶ ስንቴ ተቦካ። በጥር ድልድዩ ተሞላ። ዘከሪያ ናሙናውን ይዞ ጎንደር ወረደ፤ ቢፈተን ከተራው ኮንክሪት እጅግ ጠንክሮ ተገኘ። ከዚያ ስብሰባ፣ ከዚያ ጭብጨባ፤ ሳያስበው ግንቦት ደረሰ።

አሁን ድልድዩ ላይ አንድም ሰው የለም። በሁለቱም አፉ እሾህ ተከምሮበታል። ከሥሩ ወንዙ በላይኛው አገር ዝናብ ደፍርሶ ይወርዳል፤ ገበያተኛው ልብሱን ሰብስቦ፣ እየተደጋገፈ ውኃውን ያቋርጣል።

«ለምን በላዩ አይሄዱም?» አለ አንደኛው እንግዳ።

የዘከሪያ ፊት ጋለ። ድልድዩ በተሞላ ሰሞን ሰዉ ብቅ ብቅ ያሉትን ክሮች እየዳሰሰ «ጠጉር ያበቀለ ድንጋይ» ሲል ሰምቶ ስቆ ነበር። ለካ ፈርተውት ኖሯል።

አንዲት ሴት በጀሪካን ውኃ ይዛ መጣች። ከዳር ቆማ ድልድዩ ላይ ረጨችና ሄደች።

«ጠበል መሆን አለበት» አለ ሁለተኛው እንግዳ ፈገግ ብሎ። «ሰይጣን አለበት ብለው ይሆናል።»

ዘከሪያ መሬት ተከፍታ ብትውጠው በወደደ።

በዚህ መሀል ከማዶ አራት ጎበዛዝት ቃሬዛ ተሸክመው ቁልቁል መጡ። ምጥ የያዛት ሴት ናት፤ የአገሩ ሽማግሌ የአያ ያርጋል ምራት። ሽማግሌው በዘንጋቸው ጥልቀቱን እየለኩ ፊት ፊት ገቡ።

«በድልድዩ! በድልድዩ እለፉ!» ብሎ ጮኸ ዘከሪያ። የውኃው ድምፅ ዋጠው።

ጫማውን እንኳ ሳያወልቅ ገባ። ውኃው ወገቡ ድረስ መጣ። ከቃሬዛው አንዱን ጫፍ በትከሻው ደግፎ አብሮ ተሻገረ። ሴትዮዋን መኪናው ላይ አሳፈሯት፤ ሾፌሩ ወደ ደባርቅ ሆስፒታል ከነፈ።

ዘከሪያ ውኃ እያንጠፈጠፈ ሽማግሌው ፊት ቆመ። እንግዶቹ እየሰሙት እንደሆነ ያውቃል፤ ግን አላስቻለውም።

«አያ ያርጋል፣ ሥራዬን ይህን ያህል ናቃችሁት? ምጥ የያዛት ሴት እንኳ የማታሻግሩበት?»

«ምን ሲባል ልጄ!» አሉ ሽማግሌው ደንግጠው። «‹ተመልሼ ጠንክሯል እስክላችሁ ውኃ አጠጡት፣ ነፍስ ያለው አይርገጠው› ብለኸን አልነበር የሄድከው? አሁንስ እንሻገርበት?»